አጥሩን የጠራነው እኛው ነን



የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጽሑፉ ረዘም ይላል። ለሚቀጥለው ዒድ ጉዞ እያሰባችሁ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። አንዳንዱ ቃል ሊጎረብጣችሁ ይችላል። እኔንም ጎርብጦኛል።

ባለፈው ዒድ ማግስት ከጫንጮ አሥራ ስምንት ሆነን ወደ ላንጋኖ ተነሳን። ለሁለት ወር አዋጥተን አንድ ቅጥቅጥ ተከራየን፣ ሦስት ድንኳን ተዋስን፣ ዳቦ፣ ጭኮና ሁለት ጀሪካን ውሃ ጫንን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ወጥተን ሱሉልታን፣ እንጦጦንና አዲስ አበባን በጨለማ አቋረጥን። ሱብሒን ሞጆ ሰገድን። መቂን፣ ባቱን፣ ቡልቡላን አልፈን ሐይቁ ከግራሮቹ ጀርባ ብቅ ሲል መኪናው ውስጥ የነበረው ጫጫታ በአንድ ጊዜ ቆመ። ከአሥራ ስምንታችን አሥራ አንዱ ሐይቅ በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር። እኛ የደጋ ልጆች ነን፤ የምናውቀው ሰፊ ውሃ ክረምት ላይ የሱሉልታን ሜዳ የሚያጥለቀልቀውን ነው።

የመጀመሪያው በር ላይ ደረስን። ውሎ ለመመለስ በነፍስ ወከፍ የተጠየቅነው ለመኪናው ካዋጣነው ይበልጣል። ድንኳን ለመትከል ደግሞ ሌላ ክፍያ አለ። የራስን ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሁለተኛው በርም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ጥበቃው ክፉ ልጅ አልነበረም። "ወንድሞቼ፣ እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ፤ እዚህ አልዋኝም" አለን።

ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ዳር ቆመን እግራችንን የምንነክርበት ቦታ አጣን።

በመጨረሻ በሁለት አጥር መካከል ከብት ለውሃ የሚወርድበት ጠባብ መንገድ አገኘን። ጫፉ ላይ አሸዋ፣ አራት ግራርና ንፋስ አለ። ማንም አልከለከለንም። ድንኳናችንን ተከልን።

ወላሂ፣ ያችን ቀን አልረሳትም። ላንጋኖ ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው ተብሎ ስለሚታወቅ ብዙ ሰው ይዋኝበታል፤ እኛም በቡናማው ውሃ ውስጥ እንደ ሕፃን ተራጨን። አብረውን የመጡት ሦስት ቤተሰቦች ከግራሮቹ ማዶ ድንኳናቸውን ጋርደው እናቶችና እህቶች ያለ ማንም ዓይን ውሃው ውስጥ ገቡ። መግሪብ ላይ ሰፍ ሠርተን ቆምን። ከላንጋኖ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው። ጫንጮም ወደ ሰሜን ናት። ወደ መካ ስንዞር ወደ ሰፈራችንም ዞረን ነበር።

አሁን ወደ ጠዋቱ ልውሰዳችሁ።

ፀሐይ ከአርሲ ተራሮች በኩል ወጥታ ዳርቻውን ስታበራው፣ ማታ በጨለማና በደስታ ያላየነውን አየን። ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የብስኩት ልጣጭ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የጫት ገራባ፣ የተሰበረ ጠርሙስ። ከግራሩ ሥር ደግሞ ስሙን የማልጠራው ነገር። ግማሹ ከእኛ በፊት የመጡ ሰዎች የጣሉት ነው። ግማሹ ግን የእኛ ነው። ማታ የበላንበትን ፌስታል ንፋስ ወስዶ እሾህ ላይ ሰቅሎታል። አንዱን ፕላስቲክ አንስቼ ጽሑፉን አነበብኩ። ሱሉልታ የታሸገ ውሃ ነው። ከሰፈራችን ሥር ከተቀዳው ውሃ የተረፈውን ጎማ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተሸክመን ሰው ሐይቅ ዳር ጥለነዋል።

በዚያው ሰዓት አንድ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን ይዘው ወረዱ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከየት እንደመጣን ጠየቁን። "ከጫንጮ" ስንላቸው ፊታቸው ፈካ። "የወተት አገር! ከብት ታውቃላችሁ ማለት ነው" አሉ። ከዚያ ዙሪያውን አዩና እንዲህ አሉን፦

"ያ ኢጆሌ፣ ዘንድሮ አንዲት ላም ሞተችብኝ። ሆዷን ስንከፍተው ፌስታል ነው። ይሄንን መሬት ላጥር የሚል ሰው መጥቶ ቀበሌውን ሲያነጋግር ከርሟል። እኔ ስቃወም ነበር፤ ከብቴ የት ይጠጣል ብዬ። አሁን ግን ደከመኝ። ያጠረ ሰው ቢያንስ ቆሻሻውን ያነሳል። በነፃ የምትመጡት ናችሁ የምትገድሉኝ።"

መልስ አልነበረንም። ጫንጮ ተወልዶ የአንዲት ላም ሞት ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የሽማግሌው ንግግር ነው። ስለ ሐይቅ ዳር አጥር ሁላችንም እናማርራለን። "ባለሀብት ሁሉን ዘጋው፣ ድሃ መዝናኛ አጣ" እንላለን። ቅሬታችን እውነት አለው፤ ጥፋተኛውን ስንቆጥር ግን ራሳችንን እንዘላለን። አጥር የሚፈልግ ሰው መሬት ሲጠይቅ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ማስረጃ እኛ ትተነው የሄድነው ቆሻሻ ነው። አጥሩን የጠራነው እኛው ነን።

መጀመሪያ እውነት ያለውን ቅሬታ ልናገር።

ውሃው የማን ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ የአገሪቱ ውሃ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ሪዞርቱ የያዘው በሊዝ ወይም በኪራይ የተሰጠው መሬት ነው። ሐይቁን አልገዛም። መሬቱ ላይ አልጋ፣ ምግብና አገልግሎት ይሽጥ፤ መብቱ ነው። ነገር ግን ከመንገድ እስከ ውሃ ያለው መሬት በሙሉ ተከፋፍሎ ሲያልቅ፣ የጋራ ተብሎ የተጻፈው ውሃ በተግባር ክፍያ ለሚችል ብቻ ይሆናል። መውረጃ የሌለው የጋራ ውሃ በወረቀት ላይ ብቻ የጋራ ነው።

እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ይህን ከአዋጅ በፊት እናውቀው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን አስተምረውናል። እኛ የሰፈርንበት ቦታ ላይ ሦስቱም ነበሩ፤ የሚጠጣው ውሃ፣ የከብቱ ሣር፣ የማገዶው እንጨት። ሽማግሌው ሲያጋሩን የነበረው እነዚህን ነው።

ባለሀብቱን በጅምላ መስደብም አልፈልግም። በቀለ ሞላ ላንጋኖ ዳር ሆቴል ከከፈቱበት ዘመን ጀምሮ ስንቱ የአካባቢው ልጅ በዚያ ዳርቻ እንጀራ በልቷል። ሪዞርት ይኑር። ጥያቄው በየሪዞርቱ መካከል ሰውና ከብት የሚወርድበት፣ ድንኳን የሚተከልበት የሕዝብ ዳርቻ ይቀራል ወይ የሚለው ነው። ቢሾፍቱ የሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ከተማዋ በሐይቅ የተከበበች ናት፤ ግን ሆራን፣ ባቦጋያን ወይም ኩሪፍቱን ያለ ክፍያ ቀርቦ ለማየት ስንት አጥር መዞር እንዳለባችሁ አስታውሱ።

"ታዲያ በሌላው ዓለም እንዴት ነው?" ለሚል ሁለት ምሳሌ ላቅርብ። ሁለቱም ደሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም በስልካችን ላይ እያየን የምንቃትትባቸው።

አንደኛው ሐዋይ ነው። አሜሪካ ናት፤ መሬት እንደ ወርቅ የሚሸጥባት አገር። ሆኖም እዚያ ሆቴሉ ስንት ኮከብ ቢኖረውም ማዕበሉ የሚደርስበትን አሸዋ አጥሮ "የኔ ነው" ማለት አይችልም። የባሕር ዳርቻው የሕዝብ ነው። ኦዋሁ በሚባለው ደሴት ላይ የአስተዳደሩ የባሕር ዳር መናፈሻዎች አሉ፤ ቤተሰብ ፈቃድ አውጥቶ ድንኳን ተክሎ ያድራል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ፈቃድ አለ፣ የሰው ቁጥር ገደብ አለ፣ በአብዛኛዎቹም ከረቡዕ ጠዋት እስከ ዓርብ ጠዋት ማደር አይቻልም። ቦታው ይጸዳል፣ ያርፋል። ክፍት የሆነው ሥርዓት ስላለው ነው። ልቅ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አይቆይም ነበር።

ሁለተኛው የወጣቱ ሁሉ ሕልም የሆነው ማልዲቭስ ነው። ሕዝቡ ሙስሊም ነው። የመጀመሪያው ሪዞርት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ቱሪስቱ ሰው በማይኖርባቸው ደሴቶች፣ የአገሩ ሰው በራሱ ደሴቶች ተለያይተው ኖሩ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ነው ሰው በሚኖርባቸው ደሴቶች እንግዳ ማረፊያ የተስፋፋው። ያኔ ምን አደረጉ? የሕዝቡን ዳርቻ ለሕዝቡ ተዉት። እዚያ የሚዋኝ የውጭ አገር ሰውም አለባበሱን አክብሮ ይዋኛል። ገላውን ገልጦ መዋኘት ለሚፈልግ ቱሪስት የተከለለ ሌላ ቦታ አለው። አንድ ደሴት ላይ ሁለቱም ይኖራሉ።

ግን ፎቶው ላይ የማታዩትም አለ። ከዋና ከተማዋ ከማሌ አጠገብ ቲላፉሺ የምትባል ደሴት አለች። ሰው ሠራሽ ናት፤ የአገሩ ቆሻሻ እየተጣለባት የሰፋች። ያ ሁሉ ሰማያዊ ውሃ፣ ያ ሁሉ ነጭ አሸዋ፣ ከኋላው የቆሻሻ ደሴት አለው። ለምን ነገርኳችሁ? "ፈረንጅ አገር ንጹሕ ነው፣ እኛ ግን አልታደልንም" የሚለውን ወሬ እንድንተው ነው። ቆሻሻ የትም በራሱ አይጠፋም። ወይ ሰው ያነሳዋል ወይ አንድ ቦታ ተከምሮ ይጠብቀናል።

አሁን ወደ ራሳችን። እስካሁን የሰማኋቸውን ሰበቦች አንድ በአንድ ላንሳ።

"ሁሉም ይጥላል፣ የኔ አንድ ፌስታል ምን ይለውጣል?" የሽማግሌውን ላም ሆድ የሞላው ይህ አባባል ነው። አንድ ሰው አልገደላትም። እያንዳንዱ አንድ አንድ የጣለ ነው።

"የሚያጸዳ ሠራተኛ ይቅጠሩ።" ማን ይቅጠር? መግቢያ አልከፈልንም። ክፍያ የሌለበት ቦታ ሠራተኛው ጎብኚው ራሱ ነው። ይህ ካልከበደን ነፃ ዳርቻ ይገባናል። ከከበደን ደግሞ በሩ ላይ ከፍለን እንግባ እንጂ ስለ ድሃ መብት አንጩህ።

"መጀመሪያ መንግሥት ያስተካክል።" ያስተካክል፣ እኛም እንጠይቅ። በ2017 ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ ግን ግራር ሥር ቆሞ እጃችንን አይዝም።

"መዝናናት የጠፋ ወጣት ሥራ ነው፣ ቁጭ ብላችሁ ቁርኣን ቅሩ።" ይህን የሚሉን ታላላቆቻችን ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ቁርኣኑ ራሱ በምድር ላይ ተጓዙ፣ የፈጠረውን ተመልከቱ ይለናል። ጫንጮ ውስጥ ከሥራ በኋላ ወጣቱ ያለው ምርጫ ምንድን ነው? ፑል ቤት፣ የጫት ቤት ወይም የስልክ ስክሪን። አሥራ ስምንት ልጅ አንድ ላይ ሰግዶ፣ አንድ ላይ በልቶ፣ ከዋክብት ሥር አድሮ ከተመለሰ ይህ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ትተነው የመጣነው ነው። ታላላቆቻችን ስለ ጉዞው የሚሉት ሁሉ ትክክል ባይሆንም፣ ጠዋት ላይ ያንን ዳርቻ ቢያዩት ኖሮ የምንመልስላቸው አልነበረንም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፣ አትቀየሙኝ። ጠሃራ ላይ ሰዓታት የምንከራከር ሰዎች ነን። ውዱእ ስንት ጊዜ ይታጠባል ብለን እንጨቃጨቃለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን በውሃ መውረጃ፣ በመንገድና ሰው በሚጠለልበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን እርግማን የሚያስከትል ነገር አድርገው ከልክለዋል። እኛ ያን ማለዳ ሦስቱንም በአንድ ቦታ አገኘናቸው። መንገዱ የከብት መውረጃ ነው፣ ጥላው የግራር ነው፣ ውሃው የሕዝብ ነው። እዚያው አጠገብ ምንጣፍ አንጥፈን ሰግደን ነበር። ንጽሕና ከሰጋጃው ጠርዝ ላይ ያበቃል ያለን ማን ነው?

ሌላም አለ። ነፃ ዳርቻ ሲጠፋ መጀመሪያ የምትጎዳው እህታችን ናት። ወንዱ ቢያንስ ከፍሎ ገብቶ ይዋኛል። ሒጃብ የለበሰች እህት ግን ሙዚቃና ቢራ በሞላበት፣ ሁሉም በሚያያት ገንዳ ምን ታደርጋለች? ዳር ቁጭ ብላ ልብስ ትጠብቃለች። ያን ቀን ከግራሮቹ ማዶ የሰማሁት የእናቶች ሳቅ በሌላ ቦታ የሚገኝ አይደለም። አንዷ እናት፣ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ "ልጄ፣ ውሃ እንዲህ ሰው ያቅፋል እንዴ?" ብለውኛል። ያንን ቦታ ፌስታል ጥለን የምናሳጥረው ከሆነ የቀማነው ከእኚህ እናት ነው።

ሐይቅ ደግሞ ለዘላለም የሚጠብቀን አይምሰላችሁ። ከላንጋኖ አስፋልቱን ተሻግሮ ያለውን አብያታን ሄዳችሁ እዩ። ወደ እሱ የሚፈሰው ውሃ ከላይ ለመስኖ፣ የራሱም ውሃ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲወሰድ ዳርቻው ወደ ኋላ እየሸሸ ሄዷል። በሐረርጌ የሐረማያ ሐይቅ በእኛው ዕድሜ ደርቆ ከብት ሲሄድበት ታይቷል፤ ውሃው እንደገና የታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ውሃ የሰጠ ጌታ ሊወስደውም ይችላል።

ስለዚህ ምን እናድርግ? እኛ ሰፈር የተስማማንበትን ላካፍላችሁ።

1. ከጉዞው መዋጮ ላይ መጀመሪያ የሚገዛው ባዶ ማዳበሪያ ነው፤ ለአምስት ሰው አንድ። ሞልቶ ካልተመለሰ መኪናው አይነሳም።

2. ውሃ በጀሪካን፣ ምግብ በሳህንና በሰፌድ ይሄዳል። ፌስታልና የታሸገ ውሃ አንይዝም። ሱሉልታ የታሸገውን ፕላስቲክ ላንጋኖ አንወስድም።

3. ግራር አይቆረጥም። በዚያ መንገድ ዳር የሚሸጠው ከሰል ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። ቡታጋዝ ወይም ከቤት የተያዘ ከሰል እንጠቀማለን፤ እሳቱንም በውሃ አጥፍተን እንነሳለን።

4. አካፋ ይያዛል። ከውሃውና ከጥላው ርቆ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ይሸፈናል።

5. ዋና የማይችል ከወገቡ በላይ አይገባም። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ሁሉም ይወጣል። እኛ የደጋ ልጆች ነን፤ ውሃን አንደፍረውም።

6. ከመስፈራችን በፊት የአካባቢውን ሰው እናስፈቅዳለን። ከብት ሲወርድ መንገድ እንለቃለን። ለቦታው ጥበቃ የሚሆን የአቅማችንን እንሰጣለን። ነፃ ማለት ምስጋና የሌለበት ማለት አይደለም።

ይህን ስናደርግ ብቻ ነው ሁለተኛውን ጥያቄ ደፍረን መጠየቅ የምንችለው። በላንጋኖ፣ በባቱ፣ በቢሾፍቱ፣ በሐዋሳ፣ በወንጪም ያላችሁ አስተዳዳሪዎች፦ መሬት ስትሰጡ በየሁለት ይዞታው መካከል የሕዝብ መውረጃ ይቅር። ድንኳን የሚተከልበት አንድ የሕዝብ ዳርቻ ከልሉ። ሽንት ቤት ይኑረው፣ አነስተኛ ክፍያ ይኑረው፣ ክፍያውም ለአካባቢው ልጆች ደመወዝ ይሁን፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይረፍ። ሐዋይ የቻለችውን እኛ የማንችልበት ምክንያት የለም። ግን ይህን የሚጠይቅ ወጣት እጁ ንጹሕ መሆን አለበት። ፌስታሉን ጥሎ የመጣ ልጅ ስለ አጥር ሲጮህ ሽማግሌው ይስቁበታል።

ያን ጠዋት ምን እንዳደረግን ልንገራችሁና ላብቃ። ለመነሳት ያሰብነው በሦስት ሰዓት ነበር፤ እስከ ስድስት ሰዓት ቆየን። ማዳበሪያ አልያዝንም ነበር፤ ሽማግሌው ከቤታቸው ስድስት አመጡልን። ስድስቱንም ሞላን። እሾህ ላይ የተሰቀለውን ፌስታል ሁሉ አወረድን። የሌሎቹን ቆሻሻ ጭምር አነሳን፤ የማን እንደሆነ ለላሟ ልዩነት የለውምና።

ሽማግሌው ማዳበሪያዎቹን ቆጠሩ። ስለ አጥሩ ሐሳቤን ቀየርኩ አላሉንም። "እስቲ በሚቀጥለው ዒድ ኑ" ብቻ አሉን፤ "ያኔ እናያለን።"

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህ ቀጠሮ የእኛ ብቻ አይደለም። የሰበታ፣ የቡራዩ፣ የሱሉልታ ጀመዓ ሆናችሁ ወደ ማንኛውም ሐይቅ ስትወርዱ የሚያያችሁ ሽማግሌ አለ። ዳርቻው ክፍት ይሁን ወይስ ይታጠር የሚለውን የሚወስኑት የእናንተን ጀርባ አይተው ነው። ማዳበሪያ ሳትይዙ እንዳትሄዱ።

ጉዞ ለሚያዘጋጅ ሁሉ ሼር አድርጉት። አላህ የሰጠንን ከሚጠብቁት ያድርገን።